ለፈረሴ ነው ያልኩት ቅባት

እኔ ከፈረስ ወድቄ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከእናንተ መካከል አንድ የሚያምነኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው። ዳንግላ ውስጥ ይህን ስል ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይስቃል። አዲስ ቅዳም ብሄድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አዘና የነበሩት አማቴ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ልጄ፣ መውደቅ ያለ ነው፤ ዋናው መነሣቱ ነው» ብለው አጽናንተውኛል። አልወደቅሁም። ፈረሴ ጨዋ ፈረስ ነበር፤ ማንንም ጥሎ አያውቅም። ያን ሰሞን እግሬን አንፈራጥጬ የሄድኩበት ምክንያት ሌላ ነው። ምክንያቱን ብዙ ዘመን በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን ሆዴም አረጀ፣ የማፍረው ሰውም አብዛኛው አለፈ፣ ይታይሽም «ንገራቸውና ይገላግልህ» ብላ ፈቀደችልኝ። እንግዲህ ልጆች ካሉ ወደ ደጅ ይውጡ። ያገባችሁ ጠጋ በሉ።

ይታይሽ ሚስቴ ናት። የአዘና ልጅ፣ አገው ናት። እኔ ደግሞ አባቴ ከወዲያ ከሞጣ በኩል መጥቶ ዳንግላ የወለደኝ፣ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማላውቅ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ እሰፋለሁ፤ ከጀርባዬ ደንበኛ ልብስ የሚለካባት፣ በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ጓዳ አለች። ይቺን መጋረጃ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትመጣለች። ፈረስም ነበረኝ፣ ዳማ። በአገው አገር ፈረስ የሌለው ሰው ሰው አይደለም አይባልም። ሰው ነው፤ ብቻ ሲናገር እስኪጨርስ አይጠብቁትም። እኔ ዳማውን ከገዛሁ በኋላ ነው የጀመርኩትን ወሬ መጨረስ የቻልኩት።

ነገሩ የተጀመረው ሁለተኛዋ ልጃችን ከተወለደች በኋላ ነው። ሰማንያዋ ደርሶ ክርስትና ተነሣች፣ ድግሱ አለቀ፣ እንግዳው ሄደ፣ ባልና ሚስት ብቻችንን ቀረን። ብቻችንን ስንቀር ይታይሽን አመማት። አመማት ስላችሁ ሌላ ጊዜ ደህና ናት። ትስቃለች፣ ትሠራለች፣ ትቆጣኛለች። የሚያማት ባልና ሚስት በሚገናኙበት ሰዓት ብቻ ነው።

«ደርቄአለሁ» አለችኝ ጣሪያውን እያየች። «ከወለድኩ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለሁም። ይፈገፍገኛል፤ ያቃጥለኛል።»

«ይተውሻል» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

አልተዋትም። በዚህ መሀል የገና ጾም ገባ። ጾም ሲገባ ፊቷ የበራ ሴት ያየሁት ያኔ ነው። እስከ ገና ድረስ እግዜርን ምክንያት አድርገን ጀርባና ጀርባ ሆነን ተኛን። ገና ሲያልፍ ምክንያቱም አብሮ አለፈ። ይታይሽ ከአልጋው ወርዳ ከሕፃኗ ጋር መደቡ ላይ መተኛት ጀመረች። አንድ ጠዋትም ሕፃኗን እያጠባች፣ ቀና ሳትል፣ «ለከተራ እናቴ ቤት እሄዳለሁ። እስኪሻለኝ እዚያው ልቆይ» አለችኝ።

ይህ ለሌላ አገር ሰው ቀላል ነገር ይመስል ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ሚስት «እስኪሻለኝ» ብላ እናቷ ቤት ከገባች ነገሩ በራሱ እግር ይሄዳል። እናት «ምን ሆነሽ ነው?» ትላለች። ልጅ ዝም ትላለች። ዝምታዋን አጎት ይተረጉመዋል። «መትቷት ነው» ይባላል። ሽማግሌ ይነሣል። ሽማግሌ ከተነሣ ደግሞ የሆነ ነገር ሳያፈርስ ወይ ሳያስታርቅ አይቀመጥም፤ ለማስታረቅ ጥፋቱ ምን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ይህን በሽማግሌ ፊት ከምናገር ዓባይ ብገባ ይሻለኛል። ስለዚህ ትዳሬ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። ፈራሁ። ይታይሽን እወዳት ነበር። እወድሻለሁ ብያት ግን አላውቅም፤ ያን ጊዜ እንዲያ አይባልም።

«የሚያለሰልስ ነገር ነው የሚያስፈልገው» አልኳት። «ለኔ ተይው። ከከተራ በፊት መላ አገኛለሁ። ብቻ ለማንም እንዳትናገሪ፣ የቤት ገመና ነው።»

«ለሴት እንኳ ብናገር?»

«ለማንም።»

ከዚያች ቃል ወዲያ የደረሰው ሁሉ በኔ ነው።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በመኪናዬ ዘይት ላይ ነው። መኪናዬ ስትጮህ ሁለት ጠብታ አጠጣታለሁ፣ ጸጥ ትላለች። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ አሸሁት፣ አሸተትኩት፣ ትንሽ አሰብኩበት። ይታይሽ መኪና አይደለችም ብዬ መለስኩት። ይህን ማስተዋሌን ያዙልኝ፤ ከዚህ በኋላ ሌላ አላሳየሁም።

ቀጥሎ ቅቤ። በኛ አገር ቅቤ የማይገባበት ምን አለ? ራስ ሲታመም ቅቤ፣ ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ፣ ሕፃን ገና ከማሕፀን ሲወጣ አፉ ላይ ቅቤ፣ ኮርቻ ሲሰነጠቅ ቅቤ። አገር ሙሉ በቅቤ ከለሰለሰ እኛስ ለምን እንቀራለን ብዬ ይታይሽን ላላስቸግራት ራሴ ማጀት ገባሁ። ወንድ ማጀት ሲገባ ምን የት እንደተቀመጠ አያውቅም። ሁለት ቅል ተሰቅሏል። አንዱን ከፈትኩት፣ ምንም አይሸትም። ሌላውን ከፈትኩት፣ መዓዛው ልብ ያጠፋል። እንግዲህ ለሚስቴ ነውና መዓዛ ያለውን መረጥኩ።

ንጥሩ ኖሯል። ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮሰረቱ፣ ሁሉም ገብቶበታል።

ይታይሽ ከተኛችበት ተነሥታ በቀጥታ ወደ ውሃው እንስራ ሄደች፣ ብዙም ቆየች። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ወጥ አደረግኸኝ?» አለች።

ሁለት ቀን ሙሉ አሳከካት፣ አላናገረችኝም። ድመታችን በበኩሏ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከአልጋው ሥር አልወጣም አለች። ባባርራት ተመልሳ ትገባለች፤ ጠረኑ ቀርቷል። በሦስተኛው ቀን ይታይሽ አፏን ከፈተች፣ ሕግም ደነገገች። «ከዛሬ ወዲያ የምታመጣውን ሁሉ መጀመሪያ በራስህ ላይ ትሞክረዋለህ። አንተ ስትድን እኔ አየዋለሁ።» ፍርዱ ትክክል ነው፤ ይግባኝ አላልኩም።

ከዚያ ወደ እንድሪስ ሱቅ ሄድኩ። እንድሪስ ከሻማ እስከ ሚስማር፣ ከስኳር እስከ ሽቶ የሚሸጥ ደግ ነጋዴ ነው፤ ክፋቱ ሱቁ ሰው አይጠፋበትም። ያን ዕለትም ጨው የሚገዙ፣ ጋዝ የሚቀዱ፣ ምንም ሳይገዙ የቆሙ ነበሩ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው ጆሯቸው የሚከፋው።

«እንድሪስ፣ የሚያለሰልስ ቅባት ነገር ይኖርሃል?» አልኩት ዝቅ ብዬ።

«ለምን?» አለኝ ከፍ ብሎ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዳንድ ጊዜ ውሸት አይታሰብም፣ በራሱ ይወጣል። «ለፈረሴ ነው» አልኩ። «የኮርቻው ማሰሪያ ከሆዱ ሥር ልጦታል።»

ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ በዚህ ያልቃል። አገው አገር ግን ሚስቴ ታመመች ብትሉ ሰው «እግዜር ይማራት» ብሎ አንገቱን ይደፋና መንገዱን ይሄዳል። ፈረሴ ታመመ ካላችሁ ሰው ይሰበሰባል። ይህን እያወቅሁ ነው እንዲያ ያልኩት። ጨው የሚገዛው ጨዉን አስቀምጦ «የት ጋ ነው የተላጠው?» አለኝ። ጋዝ የሚቀዳው «ግራ ነው ቀኝ?» አለኝ። እኔም ፈረሴን በዓይነ ልቡናዬ እያየሁ ግራ ነው አልኩ።

እንድሪስ ከመደርደሪያው ላይ ክብ ቆርቆሮ አወረደልኝ። ለጉንፋን ደረት ላይ የሚቀቡት፣ ሽታው ከሩቅ አፍንጫ የሚከፍተው ነው። «ለሰው ደረት የተሠራ ነው። ደረት ከቻለው ፈረስ አያቅተውም» አለኝ። እኔም ደረት ከቻለው ሌላውም አካል አያቅተውም አልኩ በልቤ። አካል አካል ነው።

ሕግ ተደንግጓልና ቤት ይዤው ከመግባቴ በፊት መሞከር ነበረብኝ። መጋረጃዋ ትዝ አለቻችሁ? እኩለ ቀን ላይ ነው። ደንበኛ የለም። ገባሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። አልሰሰትኩም።

መጀመሪያ ምንም የለም። ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ በጥር ጠዋት ዘንገና ሐይቅ ውስጥ እስከ ወገቤ የገባሁ መሰለኝ። ይህም ባልከፋ፤ ይበርዳል እንጂ አያምም። ከዚያ ሐይቁ እሳት ያዘ።

ልጮህ አፌን ስከፍት ከመጋረጃው ወዲያ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ግራዝማች አየነው ናቸው።

ግራዝማችን ላስተዋውቃችሁ። በዳንግላና በአካባቢዋ የፈረስ ነገር እሳቸውን አልፎ አይሄድም። የበዓል ቀን ፈረሰኛውን አሰልፈው የሚመሩ፣ ጥርሱን አይተው የፈረስ ዕድሜ የሚናገሩ፣ ኮቴውን ሰምተው የማን እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የራሳቸው ፈረስ ካቻምና ሞቶባቸው ሦስት ቀን ሐዘን ተቀምጠዋል፤ ሰው ለቅሶ ደርሷቸዋል፣ እኔም ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፈረስ አልገዙም፤ በሰው ፈረስ ላይ ነው የሚፈርዱት። ያን ዕለት የካቦርታቸው ቁልፍ ተበጥሶ ሊያስተክሉ ነው የመጡት።

ጩኸቴን ዋጥኩት። ሱሪዬን አጥብቄ ወጣሁ። እግሬ ግን አልገጥም አለ፤ አንዱ ወደ ሞጣ፣ ሌላው ወደ እንጅባራ ይሄዳል። እንባዬ ይወርዳል። ላቤ ይወርዳል። ግራዝማች ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ ወደ እግሬም ተመለሱ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩ፣ ግራዝማች። ይቀመጡ።»

«አንተ አትቀመጥም?»

«ቆሜ እሻላለሁ።»

በዳኛ ድምፅ ፍርዳቸውን ተናገሩ። «እንድሪስ ሱቅ ፈረስህ ከሆዱ ሥር እንደተላጠ ሰምቻለሁ። ማሰሪያውን አላልተኸው ነበር። ኮርቻው ዞረ። ፈረሱ ተላጠ። አንተ ወደቅህ።»

አስቡት እስቲ። አንድ ቃል ሳልጨምር ውሸቴን ራስና እግር አበጅተው፣ አልብሰው፣ አቁመው ሰጡኝ። በፊቴ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ እውነቱ ነው። ሁለተኛው ከፈረስ መውደቅ ነው። በአገው አገር ከፈረስ ወደቀ መባል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ ልጅህ ስታገባ እንኳ «የዚያ የወደቀው ሰውዬ ልጅ» ትባላለች። ትንሽ ተወዛወዝኩ። ከዚያ አንገቴን ደፋሁ።

«ወደቅሁ» አልኩ።

«ሰው ነህ» አሉኝ። በጣም አዘኑልኝ። ከዚያ ካቦርታቸውን አስቀምጠው ወሬውን ለመንገር ወጡ።

ማታ ለይታይሽ ቆርቆሮውን አሳየኋት። ፊቴን አየች፣ አካሄዴን አየች፣ ቆርቆሮውን በጨርቅ ይዛ ከጓሮ ቀበረችው። የሣቀች መሰለኝ፤ ግን ዞራ ስለነበር በእርግጥ አልናገርም።

በማግስቱ ጠዋት ደጄ በሰው ተሞላ። ግራዝማች ከፊት፣ የፈረስ ዐዋቂ የተባለ ሁሉ ከኋላ። ፈረሴን ሊያዩ ነው። ዳማው ወጣ፣ ቆመ፣ በሰው ብዛት ተደነቀ። ከሆዱ ሥር ገብተው አዩ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። ቁስል የለም። እኔም አብሬ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ ባገኝ ደስታዬ ነበር።

«የለም» አለ አንዱ።

«እንዴት አይኖርም? ባለቤቱ ተልጧል ብሏል» አሉ ግራዝማች። «ፀጉሩ ሸሽጎት ነው። ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ቁስል ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው እሱ ነው።»

ሁሉም አዎን አሉ። እውነትም የማይታይ ቁስል እንደሚከፋ እኔም መስክሬአለሁ። ግራዝማች በቀንድ የያዙትን መድኃኒት አወጡ፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በከረመ ቅቤ ተለውሷል። በእጃቸው ከሆዱ ሥር እያሹ ቀቡት። ያ ማንንም ረግጦ የማያውቅ ጨዋ ፈረስ አንድ ሰው ረገጠ፣ አጥሩን ጥሶ ወጣ፣ ሲመለስም የተቀባው ቦታ ፀጉሩ ረግፎ ቆዳው ቀልቶ ነበር። በዚህ ዓይነት ውሸቴ እውነት ሆነ፤ ፈረሴ በእርግጥ ከሆዱ ሥር ተላጠ።

«አላልኳችሁም፣ ወጣ» አሉ ግራዝማች በእርካታ። ቀንዱንም ሰጡኝ። «የቀረውን ያዘው። ይጠቅምሃል።»

ቤት ስገባ ይታይሽ ቀንዱን አየች፣ እኔን አየች።

«እንዳታስበው» አለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን የከተራ ዋዜማ ደረሰ። ፈረሱ ኮርቻ አይነካው። እኔ በእግሬ እንኳ በወጉ መሄድ ገና አልጀመርኩም። ፈረሰኞቹ መክረው ጥምቀትን በእግሬ እንዳከብር ፈረዱ። ይህ ሁሉ ይቅር፤ ቤት ስገባ የይታይሽ ዕቃ በነጠላ ተቋጥሮ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የሕፃኗ ልብስ፣ የሷ ቀሚስ፣ ለእናቷ የያዘችው ስኳር።

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

«ይታይሽ፣ ያላደረግሁት ምን አለ? ተቃጥያለሁ፣ ተሰድቤአለሁ፣ ከፈረስ ሳልወድቅ ወድቄአለሁ።»

አጠገቤ መጥታ ቆመች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ፈረሱ ምንም ሳይሆን አገር መጣለት» አለችኝ። «ከሆዱ ሥር ገብተው ፈለጉለት። ግራ ነው ቀኝ ነው ተባለለት። እኔን ነው ያመመኝ። እኔን ግን አንተ እንኳ የት ጋ ነው፣ እንዴት ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ብለህ አልጠየቅኸኝም። ቅባት ፍለጋ ሄድክ።»

አፈርኩ። በእንድሪስ ሱቅም፣ በግራዝማች ፊትም ያላፈርኩትን ያህል እዚያ ማጀት በር ላይ አፈርኩ። ተቀመጥኩና ጠየቅኋት። የት ጋ ነው፣ እንዴት ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው። ነገረችኝ። ረጅም ጊዜ ነገረችኝ፤ ሕፃኗ እንኳ ሰምታ ሰምታ ተኛች። ሳታለቅስ ጀምራ መጨረሻ ላይ አለቀሰች። ስትጨርስ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ ያልኩሽን አንስቻለሁ» አልኳት።

«ሳታነሣውም ነገ ልጠይቅ ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ ሕፃኗን ሳል ይዟት ስለነበር አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ አሁን መቀመጥ ችያለሁ፣ አንድ ቀሚስ እጅጌውን በአንገቱ በኩል ሰፋሁት። ይታይሽ ስትመለስ አረማመዷን አይቼ ምንም ልገምት አልቻልኩም። መጋረጃውን ገልጣ ገባች፣ ተከተልኳት። ከጡቷ ሥር እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ የቆርቆሮ ቱቦ አወጣች።

«ምንድን ነው?»

«ሐኪሞች ሴት ሲመረምሩ ጓንታቸው ላይ የሚቀቡት ነው። ነርሷ ሰጠችኝ። የአዘና በኩል ልጅ ናት፣ በአገውኛ ነው ያወራነው።»

ከዚያ የተባለችውን ሁሉ ነገረችኝ። የምታጠባ ሴት እንዲህ መድረቋ ያለ ነገር ነው፤ ብዙ ሴት ይደርስባታል፤ ጡት ሲተው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ወይ ሕመሙ ከባሰ ደግሞ መጥታ ትታይ። ቅመም የነካው ነገር ወደዚያ ድርሽ አይበል። ቅቤም፣ ቫዝሊንም፣ ዘይትም ውስጥ ይቀርና በቶሎ አይለቅም፣ ያሳክካል፣ ሕመምም ያመጣል። ሽቶ ያለበት፣ የሚያቀዘቅዝ፣ የሚያሞቅ፣ ይቅር። የሚሻለው ሽታ የሌለው፣ በውሃ ብቻ ታጥቦ የሚለቅ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣም አስቀድሞ ክንድ ላይ፣ በውስጠኛው ቆዳ፣ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን ማየት ነው።

«ክንድ ላይ?» አልኩ።

«ክንድ ላይ።»

ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ጥምቀትን በፈረሴ አከብር ነበር።

«ደግሞ» አለች ዝቅ ብላ፣ «አትቸኩሉ ብላለች። ቅባቱ ግማሹ ነው፤ ግማሹ አለመቸኮል ነው ብላለች።»

ይህን እሷ ትጨምረው ነርሷ ትበለው እስካሁን አላጣራሁም።

«እሺ፣ ምን ብለሽ ጠየቅሻት?» አልኳት። እኔን ያን ያህል ያንከራተተኝን ነገር በምን ዘዴ እንዳለፈችው ለማወቅ ነው። በፈረስ ነው? በላም ነው?

«ባሌ ሲቀርበኝ ያመኛል አልኳት።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ሰው አልነበረም?»

«ሁለት ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አንዷ ‹እኔንም› አለች።»

ክንዴን ገልጬ አቀረብኩላት። ሕግ ሕግ ነው። ቀባችኝ፤ አንድ ቀን ጠበቅን። አልበረደኝም፣ አልነደደኝም። ድመቷም መጥታ ክንዴን አሸተተች፣ ምንም አላገኘችበትም፣ ጅራቷን አቁማ ከቤት ወጣች፣ ከአልጋው ሥርም ከዚያ ወዲያ አልገባችም። ይታይሽ ቋጠሮውን ፈታች። ለእናቷ የያዘችውን ስኳር አዘና ለሚሄድ ሰው ላከችው። ከዚያ በኋላ ስለሆነው የምነግራችሁ አለመቸኮላችንን ብቻ ነው።

ጥምቀትን በእግሬ አከበርኩ። ፈረሰኛው በአጠገቤ ሲያልፍ አንዳንዱ ከአዘኔታ የተነሣ ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን ይታይሽ ሕፃኗን አቅፋ ከጎኔ ትሄዳለችና ፈረሱ ብዙም ትዝ አላለኝም። ሰው ፈረሱ እንዴት እየሆነ እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ «ከጤና ጣቢያ ጥሩ ነገር ተገኝቶለታል፤ ሽታ የለው፣ በውሃ የሚለቅ ነው» እላለሁ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት እንደ ክር ነው፤ በሳቡት ቁጥር ይመጣል።

ቅበላ ሰሞን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ግራዝማች አየነው በረንዳዬ ላይ መጡ። ካቦርታቸው ቁልፉ ሁሉ ደህና ነው፤ አይቼዋለሁ። ተቀመጡ። ገበያውን አዩ። ሰማዩን አዩ።

«ፈረስህ ዳነ?»

«ድኗል፣ ይመስገነው።»

«በኔ መድኃኒት እንዳልሆነ ሰማሁ።»

«የእርስዎም ረድቶታል።»

በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ያን በውሃ የሚለቀውን» አሉ፣ «እኔም ለፈረሴ ፈልጌ ነበር።»

መኪናዬን አቆምኩ።

«ምን ሆነብዎ?»

«አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ። አብረን ብዙ ዘመን ኖረናል። አሁን አሁን ስቀርበው ይሸሻል። ያመዋል መሰለኝ። አይናገርም።»

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ እሳቸው አላየሁም፤ መርፌዬን ነበር የማየው።

«ግራዝማች» አልኩ፣ «ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ፈረስ ይጠየቃል?»

«እኔም አይጠየቅም ብዬ ነበር።»

ደህና ዋልም ሳይሉ ተነሥተው ሄዱ። አስቀየምኳቸው ብዬ ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት በበረንዳዬ ፊት አለፉ። ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገባቸው ይሄዳሉ። አጠገባቸው ነው ያልኩት፤ እንደ ሌላው ጊዜ ከኋላቸው አይደለም። መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያው ነው። ግራዝማች እኔን ሲያዩ ቀና አሉ።

«ፈረሱን ላሳይ ነው» አሉኝ።

እትዬ ደብሬ ከነጠላቸው ሥር ሣቁ።

«እግዜር ይማረው» አልኳቸው። ፈረሱ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ከደረሱት አንዱ እኔ ነኝ።